ኮቴ፣ ሚዛን፣ ተመን፦ የጉራጌ ገበያና ደንብ አውጪዎቹ

ካርኒ ቆራጩ ከብዙዎቹ ሻጮች ቀድሞ ይደርሳል። ዕለቱ አርብ ነው፤ የቡታጅራ ትልቁ ገበያ የሚቆምበት ቀን። በምዕራብ በኩል ከዘቢዳር ተራራ ግርጌ ቆጮ በኮባ ጠቅልለው ያዘሉ ሴቶች ይወርዳሉ። ከምሥራቁ ቆላ የማረቆ በርበሬ በአህያና በጋሪ፣ አልፎ አልፎም በአይሱዙ ተጭኖ ይመጣል። ሁለቱ ጎርፎች በሚገናኙበት የገበያው አፍ ላይ ጋውን የደረበ ወጣት ጥራዝ ካርኒ በእጁ፣ እስክሪብቶ በጆሮው አድርጎ ቆሟል።

«እማማ፣ ካርኒ ይቁረጡ።»

«ልጄ፣ ገና እጄን ያፍታታ ሰው አልመጣም። ከየት አምጥቼ ልስጥህ?»

«ኋላ ደግሞ አላገኝዎትም።»

«የት እሄዳለሁ? ይልቅ አንተ እንዳትጠፋ።»

ያሳልፋቸዋል። እኩለ ቀን ላይ ሲመለስ ሴትዮዋ መቀነታቸውን ፈተው የተጣጠፈች ብር ያወጣሉ፤ እሱም ቆርጦ ይሰጣል። ወረቀት ላይ ያለው ሥርዓት ሻጭ ሲገባ የገበያ መግቢያውን፣ ኮቴውን፣ ይከፍላል የሚል ነው። ገበያው ውስጥ ያለው ሥርዓት ደግሞ ያልሸጠ አይከፍልም ይላል። ወጣቱ በሁለቱ መካከል ሲዋዥቅ ይውላል፤ ማታ ግን ገንዘቡን ለማዘጋጃ ቤት አስረክቦ፣ ከሻጮቹ ጋርም ሳይጣላ ወደ ቤቱ ይገባል።

የገጠር ገበያ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው መንግሥት የሌለበትን ሜዳ ነው። ገበሬ ያመረተውን ያወጣል፣ ከተሜ ይገዛል፣ ዋጋውን ድርድር ይቆርጠዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከመቶ ዓመት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ አገሪቱን የገዛ ማንኛውም ኃይል ወደ ጉራጌ ምድር ሲገባ መጀመሪያ ከረገጣቸው ሜዳዎች አንዱ ገበያው ነበር። አንዱ የሚቆምበትን ቦታ ወሰነ፣ ሌላው የሚገበያዩበትን ገንዘብ፣ ሌላው መስፈሪያውን፣ ሌላው ደግሞ ዋጋውን። ገበያው ከእነዚህ ትእዛዞች አንዳንዶቹን ተቀብሎ የራሱ አድርጓል፤ አንዳንዶቹን በዝምታ አድክሞ ቀብሯል። የትኛውን ለምን እንደተቀበለ ማወቅ ዛሬም ደንብ ለሚያወጡት ሳይጠቅም አይቀርም።

ቀኑን የቆረጠው ማን ነው?

የጉራጌ ገበያ ብቻውን አይቆምም። ሳምንቱ ለአጎራባች ገበያዎች ተከፋፍሏል፤ የአንዱ ቀን የሌላውን እንዳይሻማ ተደርጎ። ዛሬ እዚህ ጨው የሚሸጥ ነጋዴ ነገ ሌላ ቦታ፣ ከነገ ወዲያ ሦስተኛ ቦታ ነው። እምድብር፣ አገና፣ ጉንችሬ፣ ጉብሬ፣ ቡኢ፣ እንሴኖ እያለ የሚዞር ሰው ሳምንቱን የሚቆጥረው በገበያ ስም ነው። ይህን ድልድል ያወጀ ባለሥልጣን የለም። እግር፣ አህያና የአጎራባች ሽማግሌዎች ስምምነት የሠሩት ነው።

ከመንግሥት ደንብ በፊት ደንብ አልነበረም ማለትም አይደለም። የሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ቂጫ፣ የክስታኔ ጎርደና ሴራ ሰው ከሰው ሲጣላ፣ ዕዳ ሲካድ፣ ደም ሲፈስ የሚዳኙባቸው ሕጎች ነበሩ፤ ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው። ገበያ ላይ የተነሣ ጠብ ፖሊስ ጣቢያ ከደረሰ በኋላ እንኳ ለሽማግሌ መመለሱ የተለመደ ነው። በብድር በሬ ወስዶ የቀረን ሰው በመጥሪያ ከመፈለግ ይልቅ ለጎሳው ሽማግሌ መንገር ይፈጥናል። ይህን የሚሉት የቆዩ የከብት ነጋዴዎች ናቸው፤ ፍርድ ቤቱን ንቀው ሳይሆን ጊዜያቸውን ቆጥረው።

መንግሥት ወደ ገበያ የመጣው በመጀመሪያ ሊናገር ነው። ሕዝብ በአንድ ቦታ የሚገኘው በገበያ ቀን ስለሆነ ነጋሪት የሚጎሰመው እዚያ ነበር፤ የሰማ ላልሰማ ያሰማ ነበር። ዛሬ ነጋሪቱ በባጃጅ ላይ የታሰረ ድምፅ ማጉያ ሆኗል። የክትባት ቀን፣ የግብር መክፈያ ጊዜ፣ የጠፋች ላም ምልክት፣ የሎተሪ ማስታወቂያ ሁሉ ተከታትለው ይነገሩበታል።

ከአሞሌ እስከ ሊሬ

የጉራጌ አገር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በምኒልክ ግዛት ሥር ሲጠቃለል ገበያው ላይ የመጣው ሰው የቀረጥ ሹም ነው። በነጋድራስነት የሚሾመው ባለሥልጣን ቀረጥ ይሰበስባል፣ በነጋዴዎች መካከል ይዳኛል። የአዲስ አበባው ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ሥልጣኑ ከገበያው አልፎ ከተማዋን የሚያስተዳድር እስኪመስል ድረስ ሰፍቶ ነበር። የጉራጌ ልጆች ሸክም ሊሸከሙ፣ ጉድጓድ ሊቆፍሩ፣ ኋላም ሊነግዱ ወደ አራዳ ገበያ ሲሄዱ ያገኙት ይህንን ሥርዓት ነበር። አገራቸው ላይ በአሞሌ ጨውና በማርትሬዛ ብር ይገበያዩ የነበሩት ሰዎች ከተማ ገብተው የቀረጥን ትርጉም ተማሩ፤ የቀረጥ ማምለጫንም እንዲሁ።

ጣሊያን የመጣው በሌላ መንገድ ነው። አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ በ1928 ዓ.ም. ክረምት ሊሬ ብቸኛው ሕጋዊ ገንዘብ እንዲሆን አወጀ። ገበሬው ወረቀቱን አየና ማርትሬዛውን መልሶ ቀበረ። ብሩ ብር ነው፤ ቢወድቅ ይጮኻል፣ ቢቀልጥ ጌጥ ይሆናል። ወረቀት የሣር ቤት ውስጥ አይጥ የሚቀድመው ነገር ነው። እህልና ከብት ከገበያ ሲሰወሩ፣ ሠራዊትና የመንገድ ሠራተኛ መቀለብ ሲያስቸግር፣ ወራሪው የራሱን አዋጅ አላልቶ ማርትሬዛው እንዲዘዋወር ፈቀደ። ይህ መንግሥት ለጦርነቱ ሲዘጋጅ የማርትሬዛን ብር በሮም የመምታት መብት ከቪየና ገዝቶ ነበር። ራሱ የመታውን ገንዘብ ራሱ ከለከለ፣ ቀጥሎ ራሱ ፈቀደ።

> ሠራዊት ያሸነፈ ኃይል ከአንድ መቀነት ውስጥ ማርትሬዛ ማውጣት አልቻለም።

በቦታ ጉዳይ ግን ተሳክቶለታል። አዲስ አበባ ውስጥ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ አዛወረው፤ ያ ሠፈር ዛሬም መርካቶ ይባላል። ዘርን ከዘር ለመለየት የታቀደው ገበያ ከነፃነት በኋላ የጉራጌ ነጋዴ መናገሻ መሆኑ ከታሪክ ቀልዶች አንዱ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የተቀየሰው የመኪና መንገድም የወልቂጤን ዕድል ወሰነ። መንገዱ ወዳለበት ገበያው ይጠጋል፤ ይህን ለማድረግ አዋጅ አላስፈለገም።

ሁለት አዋጆች በአንድ ዓመት

1937 ዓ.ም. በገበያ ታሪካችን ውስጥ ከሚገባው ያነሰ የሚወራለት ዓመት ነው። በመጋቢት ወር የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 ወጣ፤ በሐምሌ ደግሞ አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሥራ ላይ ዋለ። የመጀመሪያው ከተማን ባለቤት ሰጠው፤ የገበያ ሜዳን መከለል፣ ቄራ ማቆም፣ ንጽሕና መቆጣጠር የማዘጋጃ ቤት ወግ ሆነ። የሁለተኛው ጥበብ ደግሞ ከጣሊያን ስህተት የተማረ ይመስላል። ወረቀቱ ብቻውን አልመጣም፤ ከእውነተኛ ብር የተሠራ ሃምሳ ሳንቲም አብሮት መጣ። ማርትሬዛ የለመደ እጅ ሃምሳ ሳንቲሙን ሲጨብጥ ብርነቱን አወቀ። አዲሱ ገንዘብ ገበያ ውስጥ የገባው በዚህ በር ነው። እርግጥ አታላይም አልጠፋም። ሃያ አምስት ሳንቲሙ በመጠን ስለሚመሳሰል ነጭ እየቀቡ ሃምሳ ነው የሚሉ ስለበዙ በኋላ ጠርዙ ሞገድ እንዲኖረው ተደረገ። ስሙኒን በጣት ዳሰው ይለዩ የነበሩ አያቶች የዚያን ማሻሻያ ዋጋ ያውቁታል።

በዚያን ዘመን ዛሬ የጉራጌ የምንለው አገር አስተዳደሩ አንድ አልነበረም። የወልቂጤው ወገን በጨቦና ጉራጌ አውራጃ፣ የቡታጅራው በሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ሥር ነበር። ሁለቱን ያገናኘው ከአስተዳደሩ ይልቅ መንገዱ ነው። በ1950ዎቹ ከተማ የከተሙ የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው፣ ማኅበር መሥርተው፣ ከመንግሥት ጋር ተባብረው መንገድ ማሠራት ጀመሩ። በምሥራቅ የዓለም ገና–ወላይታ ሶዶ መንገድ፣ በምዕራብ የጉራጌ መንገዶች ሥራ የዚህ ትግል ፍሬዎች ናቸው። ለመንገዱ ያዋጡት ሰዎች በአብዛኛው ነጋዴዎች ነበሩ። በአገራቸው ገበያ ላይ ትልቁን ለውጥ ያመጡትም እነሱ ናቸው፤ ቡታጅራ የበርበሬ ከተማ የሆነችው ማዘጋጃ ቤቱ ስለፈቀደ ሳይሆን ጭነት መኪና ስለደረሰ ነው።

በዚያው አሥር ዓመት አጋማሽ የሜትር ሥርዓት በአዋጅ ጸደቀ። ኪሎ ወደ ገበያ ገባ፤ ግን ቁናን አላስወጣም። ኩንታል ለጅምላ ነጋዴ፣ ቁናና ጣሳ ለሸማች ሆኖ እስከ ዛሬ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ሚዛን የተባለውን ደንብ ገበያው የተቀበለው እየመረጠ ነው፤ የሚጠቅመው ቦታ ላይ። የበርበሬ ነጋዴ ያለ ሚዛን አይንቀሳቀስም። እሱም ቢሆን ሚዛኑን ከማየቱ በፊት እጁን ጆንያ ውስጥ ሰድዶ ፍሬውን ይጨብጣል፤ ውኃ የተረጨበት በርበሬ ለሚዛን ይከብዳል፣ ለጣት ግን ይለሰልሳል። ከዚያ ያወዛውዘዋል። በደንብ የደረቀ ዛላ ይንኮሻኮሻል።

ኬላ

ከሁሉም ዘመን ገበያውን አጥብቆ የያዘው ደርግ ነው። ስለዚህ ዘመን የሚናገሩ ሰዎች ዛሬም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ከፍርሃት ይልቅ ከልማድ።

በየካቲት 1967 የገጠር መሬት፣ በሐምሌው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ወደ መንግሥት ዞረ። መሬቱ ከተወረሰ በኋላ የቀረው እህሉ ነበር። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ገበሬው በማኅበሩ በኩል የተመደበበትን ኮታ በመንግሥት ዋጋ ያስረክብ ጀመር። የመንግሥት ዋጋና የገበያ ዋጋ ሰማይና ምድር ነበሩ። ዝናብ ጎድሎ ኮታውን ያልሞላ ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ የሚያስረክብበት ጊዜ ነበር። ይህን ለዛሬ ልጅ ሲነግሩት አያምንም።

እህል ከአንድ አካባቢ ወደ ሌላ እንዳይዘዋወር በየመንገዱ ኬላ ቆመ። ከዚህ በኋላ ገበያውን የሚቆጣጠረው ሰው ገበያው ውስጥ አልነበረም፤ ገመድ ዘርግቶ መንገድ ላይ ተቀምጧል። አውቶቡስ ይቆማል፣ ሰው ይወርዳል፣ ከመቀመጫ ሥር ይፈተሻል። ለእናቱ ጤፍ የሚወስድ ተማሪና ትርፍ ፈላጊ ነጋዴ በኬላው ፊት እኩል ተጠርጣሪ ናቸው።

በዚያን ጊዜ ወጣት የነበሩ አንድ የእህል ነጋዴ አሠራሩን ሲያስረዱ ወንጀል የሚናዘዙ አይመስሉም፤ ሙያ የሚያስተምሩ ይመስላሉ። አህያ ሌሊት ይነዳል። ዋናው መንገድ ይቀርና በጀፎረው (በመንደሩ ሰፊ የሣር መንገድ)፣ በወንዙ ዳር፣ በዘመድ ደጅ ይታለፋል። ጠባቂው የዚያው አገር ልጅ ከሆነ ዘመድ ይላክበታል፤ የሩቅ ሰው ከሆነ እንቅልፉ ይጠበቃል። «ኬላው እህሉን አላስቆመውም» ይላሉ አዛውንቱ፤ «ዋጋ ጨመረበት እንጂ። የጠባቂው፣ የአህያው፣ የሌሊቱ ሁሉ ተደምሮ የሚከፍለው ገዢው ነበር።»

> ተመን የወጣለት እህል ከተመን ሰሌዳው ሥር አይገኝም፤ የተገኘበት ቦታ ላይ ደግሞ ተመን አይሠራም።

የጉራጌ ደጋ ከሌላው የተለየ አንድ ዕድል ነበረው። ድርጅቱ የሚሰበስበው እህል፣ ጥራጥሬና የቅባት እህል ነበር፤ ደገኛው ደግሞ የሚኖረው በእንሰት ነው። ከጓሮ ተፍቆ፣ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ የሚቦካ ምግብ በኮታ መዝገብ ላይ ለመስፈር አይመችም፤ መጋዘን አይወድም፣ በጆንያ ተቆልሎ አይከርምም። ቆላማው የመስቃንና የማረቆ ገበሬ በኮታ ሲጨነቅ የደጋዋ ሴት ቆጮዋን አዝላ ገበያ ትወጣ ነበር።

ኮታውና ኬላው የተነሡት በአንድ ንግግር ነው። በየካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ አወጁ፤ ገመዶቹ ተፈቱ። ነጋዴዎች እንደሚያስታውሱት በማግሥቱ እህሉ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ሜዳውን ሞላው። ከየት ሊመጣ ነው? ድሮም እዚያው ነበር።

ሚዛን የማይደፍረው ተራ

ወደ ቡታጅራ አርብ እንመለስና የቆጮውን ተራ እንየው። እዚህ ሚዛን የለም ማለት ይቻላል። ገዢ ኮባውን ገለጥ ታደርጋለች፤ በጣቷ ቆንጥራ ትስባለች። ቃጫው ስንት ነው? ውኃው ተጨምቋል? ሽታው የበሰለ ነው ወይስ ገና ጥሬ? አንዳንዷ ትቀምሳለች። ቡላ ሲሆን ንጣቱ ይታያል። ይህ ሁሉ ከተፈተሸ በኋላ ድርድሩ ይጀመራል። አዲስ አበባ ሲደርስ ያው ቆጮ በኪሎ ይሸጣል፤ እዚህ ግን ኪሎ ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ያልተጨመቀ ቆጮ ከተጨመቀው ይከብዳልና።

አንትሮፖሎጂስቱ ዊልያም ሻክ በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ርዕስ ላይ ጉራጌን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎታል። ባህሉ የሚያልፈው በሴት እጅ ነው። ወንድ ይተክላል፣ ያዛውራል፤ መፋቁ፣ መቅበሩ፣ መጭመቁና መሸጡ የሴት ነው። ስለዚህ የቆጮ ተራ ላይ የሚጣል ማንኛውም ክፍያ ወይም ደንብ ለገጠሯ ሴት ቀጥታ የሚደርስ የመንግሥት እጅ ነው። ለብዙዎቹ ከማዘጋጃ ቤት ጋር ያላቸው ግንኙነት በዚያች ቁራጭ ካርኒ ይጀምራል፣ በእሷው ያበቃል።

ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ ውስጥ በ1929 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ቅኝ አስተዳደር ቆጠራ ሲያካሂድ ሴቶች ግብር ሊጣልባቸው ነው የሚል ወሬ ከገበያ ገበያ ተዛመተ። በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ ሴቶች ተነሥተው ፍርድ ቤቶችን ከበቡ፣ የተሾሙባቸውን ባላባቶች አዋረዱ። ሃምሳ ያህል ሴቶች በጥይት ወደቁ። አስተዳደሩ ግን ሹመኞቹን መለወጥና ሐሳቡን መተው ግድ ሆነበት። ኬንያ ውስጥ ደግሞ በ1935 እ.ኤ.አ. የወጣ ድንጋጌ የአገሬው ምርት በተወሰነ ገበያ፣ ፈቃድ ባለው ገዢ ብቻ እንዲገዛ አደረገ። ለገበሬው ጥበቃ ነው ተባለ። ተጠቃሚው ፈቃድ ያገኘው ነጋዴ ሆነ። ቅኝ ያልተገዛን መሆናችን ከዚህ ዓይነቱ ደንብ አላዳነንም፤ ኬላችንን ያቆምነው በገዛ እጃችን ነው።

ጫትም የራሱ ታሪክ አለው። ከቸሃና ከአካባቢው የሚለቀመው ጫት ሰዓት የሚያስቸኩለው ሸቀጥ ነው፤ የመሸበት ጫት ገዢ የለውም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የጫት ኤክሳይዝ ታክስ ሒሳቡን በኪሎ አደረገ፤ ገበሬውና ቃሚው የሚያውቁት ግን ዙርባን ነው። መኪናው በኬላ የሚያጠፋት እያንዳንዷ ደቂቃ ከቀረጡ እኩል ገንዘብ ናት የሚለው የሾፌሮች ምሬት ከዚህ ይመነጫል። መንገድ ላይ ነፍስ የሚቀጥፈው ፍጥነትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል፤ ይህን ግን ሾፌሮቹ ብዙም አያነሡትም።

ማሸጊያው ወረቀት

ዛሬ የገበያው ተቆጣጣሪ ስሙ በዝቷል። ንግድና ገበያ ልማት አለ፣ ገቢዎች አለ፣ ማዘጋጃ ቤት አለ፣ ደንብ አስከባሪ አለ፤ ነገሩ ሲጠና ሁሉም ተሰብስበው ግብረ ኃይል ይሆናሉ። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ፈቃዱን ይገዛል፤ የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ዋጋን በግልጽ መለጠፍን፣ ምርት አለመደበቅን፣ ደረሰኝ መስጠትን ይመለከታል። ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት በርበሬና ቅቤ ሲገኝ የሚወረሰው በእነዚህና በመሰሎቻቸው ሕጎች ነው። ይህን ሥራ የሚቃወም ሸማች አላጋጠመኝም። የሐቀኛ ነጋዴም ጥቅም ነው፤ የሸክላ ዱቄት የቀላቀለ ተወዳዳሪ ካለበት ንጹሕ በርበሬ ይዞ አይተርፍም።

ጭቅጭቁ የሚጀምረው ዋጋ ላይ ሲደረስ ነው። በታኅሣሥ 2003 መንግሥት በዘይት፣ በስኳር፣ በሥጋና በሌሎችም ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ጣለ። ሸቀጡ ከመደርደሪያ ወረደ፤ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ጣሪያው ለአብዛኛው ሸቀጥ ተነሣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ያለ አግባብ ዋጋ ጨምራችኋል፣ ምርት ደብቃችኋል የተባሉ ሱቆች በየከተማው ታሸጉ። በር ላይ የሚለጠፈው ማሸጊያ ወረቀት ለነጋዴው ከቅጣቱ በላይ ውርደት ነው፤ ዕቁብተኛው ያየዋል፣ አበዳሪው ያየዋል።

የወልቂጤ አንድ ባለሱቅ ነገሩን እንዲህ ያስቀምጠዋል፦ «ከመርካቶ ያመጣሁበትን ዋጋ ደረሰኝ አምጣ ይለኛል። የሸጠልኝ ሰው ደረሰኝ ከፈለግህ ዋጋው ሌላ ነው ይላል። እኔ የማንን ልስማ?» ከቢሮው ወገን ያለው ባለሙያ ደግሞ ሌላ ያሳያል፦ «ዘይቱ መጋዘን ሞልቶ የለም የሚል ነጋዴ በዓይኔ አይቻለሁ። ዝም እንበል?» ሁለቱም የሚያወሩት እውነት ነው። በእኔ ግምት ግን የባለሱቁ ችግር መነሻው ከወልቂጤ ውጭ ስለሆነ ወልቂጤ ላይ በማሸግ አይፈታም። የባለሙያው ችግር ግን እዚያው በፍተሻ ይፈታል። ደብቆ የያዘን መቅጣትና ዋጋ መቁረጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ግብረ ኃይሉ አንድ ላይ ሲጠቀልላቸው የመጀመሪያውም ይበላሻል።

መንግሥት ከመከልከል ይልቅ መወዳደርን ሲመርጥ ውጤቱ ይለያል። በየከተማው የተስፋፋው የእሑድ ገበያ ለዚህ ምስክር ነው። ገበሬውና የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ያለ ደላላ ሸማቹ ደጅ ይመጣሉ፤ በዚያ ቀን ጎረቤት ያለው ቸርቻሪም ሳይወድ ይቀንሳል። ማንም አላዘዘውም። እርግጥ ገበያው የሚቆየው ምርቱ እስከመጣ ድረስ ነው፤ ባለሥልጣን ሲጎበኘው ሞልቶ በሳምንቱ የሚራቆት የእሑድ ገበያም አለ።

ገበያ መዝጋትም ትእዛዝ ነው፤ ነገር ግን መንግሥት ብቻውን የሚሰጠው ትእዛዝ አይደለም። በነሐሴ 2014 የክልልነት ጥያቄ ባስነሣው የቤት ውስጥ አድማ ወልቂጤና ሌሎች የጉራጌ ከተሞች ጭር ብለው ዋሉ። የአድማው መለኪያ ንግግር አልነበረም፤ የተዘጋ ሱቅና ባዶ ተራ ነበር። በነሐሴ 2015 የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ የምሥራቅ ጉራጌ ዞንም ተቋቁሞ ቡታጅራ መቀመጫው ሆነች። የጉራጌ ዞን ሁለት ሆነ። የበርበሬ ጆንያ ግን ከየትኛው ዞን እንደተጫነ ሳይጠይቅ እንደ ወትሮው መርካቶ ይገባል።

ጥላ የሌለው መደብ

ወልቂጤ ላይ የማታው ፍልሚያ የሚታየው በጅማ መንገድ ዳር ነው። አውቶቡስ ሲቆም ሙዝ፣ ቆሎና የታሸገ ውኃ የያዙ ልጆች ይሮጣሉ፤ ደንብ አስከባሪ ብቅ ሲል አቅጣጫ ይቀይራሉ። ጉልት የሚቸረችሩት እናቶች ሸራቸውን በአራት ጫፉ ጨብጠው ይነሣሉ፤ ሰውየው ሲያልፍ እዚያው መልሰው ይዘረጉታል። ከአዲስ አበባ ወደ ክልል ከተሞች የተሻገረው የኮሪደር ልማት ይህን ሩጫ አፋጥኖታል። የከተማው ሹማምንት መንገድ የመኪናና የእግረኛ ነው ይላሉ፤ ትክክል ናቸው። ቸርቻሪዎቹ የተሰጠን ቦታ ገዢ አይደርስበትም ይላሉ፤ እነሱም ትክክል ናቸው። ከዚህ በፊት የተዛወሩ ገበያዎችን ያየ ሰው ቦታ ሲለወጥ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ያውቃል። አውቶቡሱና ጋሪው አብረው የተዛወሩበት ገበያ ጸንቷል። ሻጮቹ ብቻ የተባረሩበት ሜዳ ሣር በቅሎበታል።

ክፍያውን በተመለከተ ሻጮቹ የሚሉት አንድ ነው። ኮቴ አንከፍልም የሚል እምብዛም አይገኝም። የሚጠየቀው ምን ሆነ የሚለው ነው። ዝናብ ሲመጣ ቆጮው ላይ የሚዘረጋ ጥላ የለም። ከሌሊት ጀምሮ ተጉዛ የመጣች ሴት የምትገባበት መጸዳጃ ቤት ካለ የተቆለፈ ነው፤ ካልተቆለፈ የማይገባበት ነው። ወልቂጤ በየካቲት 2015 ነዋሪዎቿ ጀሪካን ይዘው ውኃ ብለው አደባባይ የወጡባት፣ ሰውም የሞተባት ከተማ ናት፤ ገበያዋ ከዚያ ችግር ውጭ አይደለም።

ለሁለቱም ከተሞች ማዘጋጃ ቤቶች የምናቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። ዋጋውን ለገዢና ለሻጭ ተዉላቸው። ሚዛኑን ግን መርምሩ፤ ማንም ሸማች መጥቶ የገዛውን መልሶ የሚመዝንበት አንድ የታመነ ሚዛን በገበያው መሀል አቁሙ። በየወሩም በካርኒ የሰበሰባችሁትን ገንዘብና ከእሱ ለገበያው ያወጣችሁትን በበሩ ላይ ለጥፉ፤ በአማርኛም በጉራጊኛም፣ ማንበብ ለማይችሉትም በዚያው በባጃጁ ድምፅ ማጉያ።